ከኩዌት የተመለሰች እህቴን ማን ጋ ልውሰዳት? ሳይካትሪስት፣ ሳይኮሎጂስት ወይስ ሌላ?

የኮልፌው ልጅ | ሰኞ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ቤተሰብ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን አመነታሁ። የተበታተነ ነገር ካወራሁ ይቅርታ።

እህቴ 26 ዓመቷ ነው። ኩዌት አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ከመጣች ሁለት ወር ሆናት። ስትመጣ ደህና ነበረች። ለእማዬ ብርድ ልብስ፣ ለእኔ ጫማ ይዛ መጥታ፣ ቤቱ ሳቅ በሳቅ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነገሩ ተለወጠ። ሌሊት አትተኛም። አልጋዋን ትታ በሩ ሥር ቁጭ እንዳለች ነው የሚነጋላት። ከሌላ ክፍል ስሟ ከተጠራ ብድግ ብላ ትቆማለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ማዕድ ቤት ብቻዋን አትገባም። ምን ሆነሽ ነው ስንላት መልሷ «ምንም» ነው። ምግብም ቀንሳለች፤ ከስታለች።

እማዬ ጸበል እንውሰዳት ትላለች። አጎቴ «አማኑኤል ወስደህ ስሟን ልታጠፋው ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። መሥሪያ ቤት ያለ ጓደኛዬ ሳይኮሎጂስት ይሻላል አለኝ። ጎረቤታችን ደግሞ የነርቭ ሐኪም ይያት ትላለች። እውነት ለመናገር የአንዱን ከአንዱ ልዩነት አላውቀውም። ብርም እንደ ልብ የለም፤ እየተሳሳትኩ የምዞርበት አቅም የለኝም። ከማን ልጀምር?

ዝንጅብል ሻይ | ሰኞ 3፡41

አይዞህ ብሮ። መጀመሪያ እንቅልፍ ታግኝ። ከፋርማሲ ዳያዜፓም ግዛላት። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ወስጄ እንደ ሕፃን ነበር የምተኛው።

ሲስተር ከዋርድ | ሰኞ 3፡58

ኧረ እንዳታደርገው ወንድሜ! ዳያዜፓም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ መድኃኒት አይደለም። ሰውነት ቶሎ ይለምደዋል፤ በኋላ እሱን ማቆም ራሱ ሌላ ሥራ ነው። እየደነገጠች ለምትነቃ ልጅ ደግሞ ድንጋጤውን ያፍነዋል እንጂ አያወጣውም።

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። 19 ዓመት ሠርቻለሁ። እስቲ ከስሞቹ ልጀምር፤ ሰው የሚምታታበት እነሱ ላይ ነው።

ሳይካትሪስት ሐኪም ነው። እንደ ማንኛውም ዶክተር ሕክምና ተምሮ ጨርሶ፣ ከዚያ በአእምሮ ሕመም ላይ ለዓመታት ስፔሻላይዝ ያደረገ። መድኃኒት ያዝዛል፣ ደም ያስመረምራል፣ ካስፈለገም ያስተኛል። ሳይኮሎጂስት ሐኪም አይደለም። እኛ አገር መድኃኒት አያዝዝም። የሚያክመው በንግግር ነው፤ የተጠና፣ ደረጃ ያለው ንግግር። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርግ። በሳይኮሎጂ ዲግሪ ያለው ሁሉ ሕመምተኛ ያክማል ማለት አይደለም። ትምህርት ቤት የሚሠራ አለ፣ ሰው ሀብት ክፍል የሚሠራ አለ። አንተ የምትፈልገው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የሚባለውን ነው። ማስተርስና ከዚያ በላይ የተማረ፣ ሕመምተኛ እያየ የሠለጠነ።

የነርቭ ሐኪም የሚባለው ኒውሮሎጂስት ነው። ስትሮክ፣ የእጅና የእግር መስነፍ፣ የማይተው ራስ ምታት የእሱ ናቸው። እኛ «ነርቭ» ስንል ንዴቱንም ጭንቀቱንም ጨምረን ስለሆነ ጎረቤትህ አይፈረድባትም። (የሚጥል በሽታም በደንቡ የኒውሮሎጂስት ነው። ግን እነሱ ጥቂት ስለሆኑ እኛ አገር የሳይካትሪ ክፍሎች ብዙ ሕመምተኛ ይከታተላሉ።)

እኔን የመሰለውንም ልንገርህ። ሳይካትሪስት እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ። ከዚያ በፊት ውጭ ሄዶ መማር ነበር። አሁንም አይበቁም። ከአዲስ አበባ ስትወጣ የሚያይህ ብዙ ጊዜ የሳይካትሪ ነርስ ወይም በአእምሮ ጤና ማስተርስ የሠራ ባለሙያ ነው። እንዳትንቁን። መርምረን የተለመዱትን መድኃኒቶች እናስጀምራለን፤ ከአቅማችን በላይ የሆነውን እንልካለን።

አሁን ሦስት ነገር መልስልኝ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማለች? ሊገድሉኝ ነው፣ እየተከታተሉኝ ነው ትላለች? መሞት እንደምትፈልግ ተናግራ ወይም ራሷን ልትጎዳ ሞክራ ታውቃለች? ለአንዱም «አዎ» ካልከኝ ምርጫውን ተወውና አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።

የኮልፌው ልጅ | ሰኞ 4፡25

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድምፅ ስትሰማ አላየሁም። ይከታተሉኛልም አላለችም። የመሞቱን ነገር ግን እንዴት ልጠይቃት? ያላሰበችውን እንዳላስታውሳት ፈራሁ።

ሲስተር ከዋርድ | ሰኞ 4፡31

መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። እንዲያውም ካለ ይቀላታል። ሰው በሌለበት፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «በጣም ሲከፋሽ ባልኖርኩ ኖሮ ብለሽ ታውቂያለሽ?» በላት። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት፤ ክኒንና በረኪና ከቤት አርቅ።

የቤሩቷ | ሰኞ 5፡10

አልተኛሁም፣ ይሄንን አይቼ እንዴት ልተኛ።

እኔም በሩ ሥር አድሬ አውቃለሁ። ከቤሩት ስመለስ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ? ሰው ሲገባ ቀድሜ እንዳውቅ ነው። እዛ በሬ ከውስጥ አይቆለፍም ነበር።

ስሟን ከሌላ ክፍል አትጥሯት። እንደ እብድ ስላያችኋት አይደለም፣ ያ ጥሪ የማዳም ድምፅ ስለሆነ ነው። ቀርባችሁ፣ ፊቷ ላይ ሆናችሁ አናግሯት። ክፍሏ ከውስጥ የሚዘጋ ቁልፍ ካለው አሳያት። ከሌለው መሸጎሪያ አስገባላት። ርካሽ ነው። እና ስለ ኩዌት አትጠይቃት። እሷ ስትጀምር ስማት።

ባለሙያ ስትመርጥ ሴት ይሁንላት። እሷ ካልጠየቀች አንተ ጠይቅላት። እኔ መጀመሪያ ወንድ ደረሰኝ፤ ጥሩ ሰው ይመስለኛል፣ ግን አርባ ደቂቃ መሬት መሬት አይቼ ወጣሁ።

የኮልፌው ልጅ | ሰኞ 5፡22

ቁልፍ የለውም በሩ። ነገ አናጢ እጠራለሁ። አላለቅስም ብዬ ነበር።

እውነቱ ይውጣ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ሁላችሁም ስሜታዊ ሆናችኋል። ሳይኮሎጂስት ማለት ብር ከፍሎ ማውራት ነው። ድሮ ቡና ላይ በነጻ የሚወራውን ነው አሁን በሰዓት የሚሸጡልን። ልጅቷ ሥራ ትያዝ፣ ትዳር ትያዝ፣ ይለቃታል።

የጀበና ልጅ | ማክሰኞ 2፡04

ቡና ላይ ያወራሁትን ማግስቱን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። ከልዩነቱ አንዱ ይሄ ነው።

ሌላውን ልንገርህ። ከሦስት ዓመት በፊት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገለበጠ። አካሌ ዳነ። ግን ታክሲ መግባት አቃተኝ። ረዳቱ «ግቢ ግቢ» ሲል ላብ ያጠምቀኛል። ሥራ በእግር እሄድ ነበር፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። መጀመሪያ የሄድኩበት ሰው ራሱን አማካሪ ነው የሚለው። ስለ ራሱ ሲያወራ ሰዓቱ አለቀ፤ መጨረሻ ላይ «ብታገቢ ይተውሽ ነበር» አለኝ። አንተን ያገኘሁህ መሰለኝ ባክህ።

ሁለተኛዋ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነበረች። የመጀመሪያ ቀን ምን እንደምንሠራ ነገረችኝ። በፍርሃት ደረጃ ዝርዝር አወጣን። መጀመሪያ ፌርማታ ላይ መቆም ብቻ። ቀጥሎ የቆመ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ማለት። ቀጥሎ አንድ ፌርማታ ሄዶ መውረድ። የቤት ሥራ ነበረው፤ ፍርሃቴን ከዜሮ እስከ አሥር እየሰጠሁ በደብተር እጽፍ ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ሄድኩ። መድኃኒት አልወሰድኩም። ዛሬ ጋቢና ነው የምቀመጠው። ይሄ ወሬ ከሆነ ይሁን።

ስለዚህ የኮልፌው ወንድሜ፣ ስትደውል አትፈር። ምን ተማርክ፣ ፈቃድህን ከማን አገኘህ፣ እንዲህ ያለ ችግር አይተህ ታውቃለህ፣ ስንት ጊዜ እንገናኛለን ብለህ ጠይቅ። የሚቆጣ ካለ ስልኩን ዝጋ።

ሰባራ ብዕር | ማክሰኞ 2፡30

እዚህ ላይ ልጨምር። ቲክቶክ ላይ ማይክ የያዘ ሁሉ «የሥነ ልቦና ባለሙያ» ነው። ሰው ማነቃቃት መጥፎ አይደለም። ግን አነቃቂ ንግግር ተናጋሪና አካሚ ለየቅል ናቸው። አዳራሽ ሙሉ ሰው «ትችላለህ!» ማለትና በሩ ሥር የምታድር ልጅ ፊት መቀመጥ አይገናኝም።

ጨጓራ ነው ያሉኝ | ማክሰኞ 6፡45

የኔ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው፤ ማን ጋ መሄድ እንዳለብኝ ሳላውቅ ሁሉም ጋ ሄጃለሁ። ልቤ በድንገት ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ የምሞት ይመስለኛል። መጀመሪያ ታይፎይድ ተባልኩ። መቼስ ታይፎይድ ያልተባለ ሰው የለም። ቀጥሎ ጨጓራ። ቀጥሎ ልብ ተነሣሁ፣ ደህና ነው ተባለ። ቀጥሎ ጭንቅላቴን ሲቲ ስካን፣ እሱም ደህና። ብሩን ስደምረው ያመኛል። በመጨረሻ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ውጤቶቹን ሁሉ ጎን አድርጎ «ይሄ ሲመጣብህ ምን እያሰብክ ነበር?» አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የጭንቀት ሕመም ነው ብሎ ሳይካትሪ ክፍል ላከኝ።

ሲስተር ከዋርድ | ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡50

የሰውነት ምርመራ ከንቱ ነው ግን እንዳትሉ። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ሲያንስ ድብርት ይመስላል፤ ሲበዛ ጭንቀት ይመስላል። ደም ማነስም ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ደም የምናስመረምረው። ጨጓራ ወንድሜን የጎዳው ምርመራው ሳይሆን ጥያቄው መቅረቱ ነው።

የኮልፌው ልጅ፣ አሁን ምክሬን ልስጥህ። ብር ከሌለህ አቅራቢያህ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምር። ይሄ ማባበያ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ለሌለበት ቦታ ብሎ ያዘጋጀው ፕሮግራም አለ፤ አገራችን ቀድመው ከጀመሩት አንዷ ናት። በእሱ የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ያለበት ጤና ጣቢያ አለ። ከሌለም ሪፈር ይጽፉልሃል። ጳውሎስ ለአንተ ቅርብ ነው፣ የሳይካትሪ ክፍል አለው። ዘውዲቱና የካቲት 12ም አላቸው። አማኑኤልም ቢሆን ሰው እንደሚያወራው ገብተው የሚቀሩበት ቤት አይደለም። አብዛኛው ሰው በተመላላሽ ታይቶ፣ መድኃኒቱን ይዞ፣ ታክሲ ይዞ ቤቱ ይገባል። አጎትህን አንድ ቀን ይዘኸው ሂድ፤ ወረፋው ላይ መምህርም፣ ሾፌርም፣ ሙሽራም ያያል።

ስለ እህትህ የምትነግረን ነገር ከድንጋጤ በኋላ የሚመጣ ሕመም ይመስላል። «ይመስላል» ነው ያልኩት፤ በስልክ አይመረመርም። ለእንዲህ ዓይነቱ ዋናው ሕክምና የንግግሩ ነው። ግን ካልተኛችና ካልበላች መጀመሪያ ሳይካትሪ ክፍል ታይታ፣ ጎን ለጎን ሳይኮሎጂስት ብትይዝ ደስ ይለኛል። አንዱ የሌላው ጠላት አይደለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ ከሌሊቱ 9፡12

እዚህ አሜሪካ ደግሞ በፊደል ነው የሚያደናብሩን። ከስሙ ኋላ ኤልሲኤስደብሊው ካለ ሶሻል ወርከር ነው። ሶሻል ወርከር ሲባል ልጅ የሚነጥቅ የሚመስለው አበሻ ብዙ ነው። ይሄኛው ቴራፒ የሚሰጥ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ቨርጂኒያ ኤልፒሲ፣ እኛ ሜሪላንድ ኤልሲፒሲ የሚባለው ካውንስለር ነው። ኤልኤምኤፍቲ የትዳርና የቤተሰብ። ፒኤችዲ ወይም ሳይዲ ያለው ሳይኮሎጂስት ዶክተር ይባላል፣ ግን ከጥቂት ስቴቶች በቀር መድኃኒት አይጽፍም። መድኃኒት ከፈለጋችሁ ሳይካትሪስት፣ ወይም የሳይካትሪ ነርስ ፕራክቲሽነር። ሳይካትሪስት ወረፋው ወር ሊያልፍ ስለሚችል ብዙ ሰው ድብርትና ጭንቀትን ከቤተሰብ ሐኪሙ ጋር ነው የሚጀምረው። ምንም ነውር የለውም። በድንገት በጣም ለጨነቀው ወይም የመሞት ሐሳብ ለመጣበት 988 መደወል ይቻላል፤ ከ2022 ጀምሮ አለ።

አንድ ያልተወራ ነገር ላውራ። አስተርጓሚ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ ማቅረብ አለበት። ግን አስተርጓሚው የቤተ ክርስቲያናችሁ ዘማሪ ሆኖ ቢገኝስ? እኔን ደርሶብኛል። ስለ ትዳሬ ላወራ ተቀምጬ ስለ ጨጓራዬ አውርቼ ወጣሁ። ከዚያ ተማርኩ፤ «በስልክ ይሁንልኝ፣ ከሌላ ስቴት» ብላችሁ ጠይቁ። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ።

ዱባይ ሎንጊን | ረቡዕ 2፡20

እህቴ፣ ከኢትዮጵያ ባለሙያ ጋር በቴሌግራም ብናወራስ? በአማርኛ ይቀላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ 2፡48

ይቀላል፣ እውነት ነው። ግን እዚህ ፈቃድ በየስቴቱ ነው፣ ኢንሹራንስም አይከፍልም። ሌሊት ቢከፋሽ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ሰው አምቡላንስ አይልክልሽም። ለማማከር ጥሩ፣ ለከበደ ሕመም አይሆንም እላለሁ።

የቄስ ልጅ | ረቡዕ 4፡30

ስለ ጸበሉ ሁላችሁም ዝም አላችሁ፣ እማማ ብቻቸውን ቀሩ። ያደግሁት ጸበል ቦታ ነው። ሰው ሰላም ሲያገኝ አይቻለሁ። መድኃኒቱን ጥሎ ሲወድቅም አይቻለሁ። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው ነበር። ለእናትህ ይሄን ንገራት። አንድ ነገር ብቻ፦ ማሰር ያለበት ቦታ እንዳትወስዷት። እጇን የተያዘች ልጅ ናት።

ሐያት | ረቡዕ 4፡52

በእኛም በኩል ሩቅያ እንዲሁ ነው። አባቴ ቁርኣን እየተቀራለት የሐኪሙን ክኒን አላቋረጠም። ቀሪው ሼኽ ራሳቸው ነበሩ «ክኒንህን ውጠሃል?» የሚሉት።

እውነቱ ይውጣ | ረቡዕ 5፡15

የጀበና ልጅ፣ ስለ ታክሲው አላወቅሁም ነበር። ይቅርታ። ወንድሜ ከግጭት ቦታ ከተመለሰ ወዲህ ከቤት አይወጣም። ሲስተር፣ የእሱን በውስጥ መስመር ልጻፍልዎት?

ሲስተር ከዋርድ | ረቡዕ 6፡00

ጻፍልኝ።

የኮልፌው ልጅ | ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡10

ቤተሰብ፣ እንዴት ሆነ ላላችሁኝ።

ማክሰኞ መሸጎሪያ አስገባን። የዚያን ሌሊት በሩ ሥር አልነበረችም። አልጋዋ ላይ ሆና ነው የነቃችው፤ ቢሆንም አልጋዋ ላይ። የመሞቱን ጥያቄ ጠየቅኋት። «እዛ እያለሁ አንድ ጊዜ። አሁን የለም» አለችኝ። በአራት ዓመት ውስጥ የነገረችኝ የመጀመሪያው እውነት ይመስለኛል።

ሐሙስ ጤና ጣቢያ ሄድን። ጤና መኮንኑ ደም አስመረመራት፣ ደም ማነስ አለባት ተባለ፣ የብረት ክኒን ሰጧት። ለሌላው ሪፈር ጻፉልን። ትናንት የሳይካትሪ ክፍል ስንደርስ ሴት ሐኪም ይሁንልን አልኩ፤ ሁለት ሰዓት አስጠበቀን፣ ግን ተገኘች። እኔን ውጪ አስቀምጣ ብቻዋን አናገረቻት። ሰርትራሊን የሚባል የድብርትና የጭንቀት ክኒን ጀመረችላት። ከዚያ ሳይኮሎጂስቷ ጋ ራሷ አድርሳ አስተዋወቀቻት። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ሲመለሱ ዶክተሯ «ዝርዝሩን አሁን እንድትነግረን አንፈልግም፣ መጀመሪያ እንቅልፍ» አለችኝ።

እማዬ ጸበሉን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዛ መጥታ ነበር። ዶክተሯ አይታ ምንም አላለችም፤ ፈገግ ብቻ። አጎቴ ገና አልሰማም።

አንድ ጥያቄ አለኝ ሲስተር። ዛሬ ክኒኑን ከወሰደች በኋላ አቅለሸለሻት። ላቁምላት?

ሲስተር ከዋርድ | ቅዳሜ 2፡26

አታቁም። መጀመሪያ ሰሞን ያጋጥማል፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቃል። ከምግብ በኋላ ስጣት። ጥቅሙ ቶሎ አይታይም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ «አልሠራም» ብላችሁ እንዳትተዉት። ሽፍታ ከወጣባት፣ በጣም ከተቁነጠነጠች ወይም የመሞት ሐሳቡ ከተመለሰ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ሂዱ። የብረቱ ክኒንም ሆድ ያስቸግራልና ሁለቱን አንድ ላይ አትስጣት፤ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ።

የቤሩቷ | ቅዳሜ 2፡40

ማክሰኞ ስትሄዱ ከውጭ ጠብቃት። ስትወጣ ምን አወራችሁ አትበላት። ሻይ ቤት ውሰዳት።

የኮልፌው ልጅ | ቅዳሜ 2፡44

እሺ እህቴ። ሻይ አትወድም፣ ማኪያቶ ነው።